በዘበኛው ቀይ እስክሪብቶ

ለምወድሽ የመጀመሪያ ልጄ፣

እንደ ወጉ ሰላምታው መቅደም ነበረበት። ዛሬ ግን ሰላምታዬን ካስቀደምኩ ወሬው ወሬ እየሳበ፣ ዋናው ነገር እንደ ሁልጊዜው ሳይነሣ ደብዳቤው እንዳይዘጋ ፈራሁ። ስለዚህ አስቀድሜ ይህን ልናገር። የዛሬ አሥራ አራት ዓመት አሥረኛ ክፍልን ስትጨርሺ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ የመደበሽ ትምህርት ቤቱ አልነበረም። እኔ ነኝ። ማኅበራዊ ሳይንስ ብለሽ የሞላሽውን ፎርም ላስገባ ይዤ ስሄድ፣ በሩ ላይ ቁጭ ብዬ ለወጥኩት።

ይህን ካልኩ በኋላ እንግዲህ ሰላም ልበልሽ። እንደምን ከረምሽ ልጄ? ጤናሽ እንዴት ነው? ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ ማጎንበሱ ወገቤን ይዞኛል ብለሽ ነበር፤ ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽስ ከሌሊት ፈረቃ ወደ ቀን ተዛወረ? የልጅ ልጄ የወለቀችው የፊት ጥርሱ በቀለች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጉልበቴ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ይለግማል፣ ከረፋዱ በኋላ ግን እሺ ይላል። ታናሽሽ ቁመቷ ጥሎኝ ሄዷል፤ ቁም ሣጥኑ ላይ ያለውን ዕቃ አሁን የምታወርድልኝ እሷ ናት፤ ስታወርድም ሳትቀልድ አትሰጠኝም።

ይህን ሁሉ ዘመን ዝም ብዬ ዛሬ ለምን ተናገርኩ ትዪኛለሽ። ለእህትሽ የጻፍሽላት ደብዳቤ ነው ያናገረኝ። ጮክ ብላ ስታነብልኝ እኔ መዳፌ ላይ የደረቀውን የሴራሚክ ማጣበቂያ እየፋቅኩ ነበር። «ምርጫሽ ባይሳካ አትከፊ፤ እኔም ያኔ ታሪክና ጂኦግራፊ ፈልጌ ነበር፤ ነጥቤን አይተው አልመጠንኩም መሰለኝ ወደ ሌላው አዛወሩኝ፤ ሰው የተሰጠውን እየለመደ ይወዳል» ያልሽው ቦታ ስትደርስ መፋቄን አቆምኩ። አልመጠንኩም። እኔ እኮ ያኔ ተከፍተሽ ከዚያ የረሳሽው ነበር የሚመስለኝ። ይህን ቃል አሥራ አራት ዓመት ይዘሽው መኖርሽን አላውቅም ነበር። ልጄ፣ ማንም አልመጠንሽም አላለሽም። ነጥብሽንም ማንም አላየውም።

ነገሩ እንዲህ ነው የሆነው። ፎርሙ «ወላጅ ራሱ ይዞ ቀርቦ ያስገባ» ይል ነበር። ማታ አንቺ በሰማያዊ ሞልተሽ፣ እኔም ፊትሽ በሰማያዊ ፈረምኩ። በዚያው ቀን ግን በሥራ ቦታ አንድ ነገር ደርሶብኝ ነበር፤ ለቤት ሰው አልተናገርኩትም። መሐንዲሱ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ፕላኑን መሬት ላይ ዘርግቶ፣ «የዚህ መታጠቢያ ቤት ወለል ወዴት ነው የሚያዘነብለው? እስቲ አንብበህ ንገረኝ» አለኝ። ተንበርክኬ መስመሩን ቁልቁል ሳይ ቆየሁ። «ተወው፣ አንተ ዝም ብለህ አንጥፍ» አለኝና ሠራተኛው ሳቀ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩትን ትምህርት ያን ቀን እንደገና ያቋረጥኩት መሰለኝ። ሌሊቱን ሳስብ አደርኩና፣ የእኔ ልጅ ፕላን ዘርጊ እንጂ ተንበርካኪ አትሆንም አልኩ። ታሪክ ደግሞ ለእኔ የሞተ ሰው ወሬ ነበር።

ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስደርስ ዘበኛውን እስክሪብቶ እንዲያውሰኝ ጠየቅኩት። «አርፋጅ የምመዘግብበት ቀይ ነው ያለኝ» አለኝ። «ቀይም ይጽፋል» አልኩት። አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ ሰማያዊዋን ምልክትሽን በአንድ መስመር ሰርዤ፣ በሌላው ሣጥን ውስጥ ቀይ ምልክት አደረግኩ። ከዚያ ገብቼ አስረከብኩ።

ቀይ እስክሪብቶ በትምህርት ቤት የማን እንደሆነ አላሰብኩም። ቀይ የመምህር ነው፣ የቢሮ ነው። ያየው ሁሉ ከላይ የታረመ መሰለው። ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አንቺ ስትጠይቂ፣ የክፍል ኃላፊሽ ፎርሙን አይቶ «ከቢሮ ነው የተስተካከለው፤ ነጥብሽን አይተው ይሆናል» አለሽ። ቤት መጥተሽ ይህንኑ ነገርሽን። እኔም «እነሱ ያውቃሉ» አልኩሽ። ከምልክቷ ይልቅ ይህቺ ቃል ናት የምትከብደኝ። እናትሽ «ልጅቷ እኮ ምሳዋን አልነካችም» ስትለኝ «ያልፍላታል» ብያት ወደ ሥራዬ ወጣሁ። ለእሷም ሳልነግራት አለፈች፤ ነፍሷን ይማር። በጸሎቴ እንኳ ጥፋቴን አንድ በአንድ ስዘረዝር እዚህ ላይ ስደርስ ዘልዬ ነው የማልፈው። ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ነበር። በኋላ ትምህርትሽን በጥሩ ውጤት ጨረስሽ፣ ሥራ ያዝሽ፣ እኔም እንግዲህ መልካም ሆኗል፣ ምን ያስነሣዋል አልኩ።

አሁን ወደ ዘንድሮው ልምጣ። ያንኑ የድሮ ትምህርት ቤትሽን የታችኛውን ፎቅ ወለል እንድሠራ ሰጥተውኛል፤ ኮሪደሩን፣ ቤተ ሙከራውንና መዝገብ ቤቱን። ትምህርት ሳይቋረጥ ስለሆነ አምስት ሳምንት በየክፍሉ በር ሥር ተንበርክኬ ዋልኩ። ታናሽሽ እዚያው ስለምትማር አስቀድማ አስጠነቀቀችኝ፤ «አባዬ፣ እኛ ክፍል ጋ ስትደርስ መዝሙርህን እንዳታንጎራጉር፤ በኋላ እኔን ነው የሚጠሩኝ» አለችኝ። አፌን ዘግቼ ስሠራ ጊዜ ጆሮዬ ተከፈተ መሰለኝ፣ ያመለጠኝን ትምህርት በበር ሥር ሰማሁት።

የሒሳቡን መምህር ልጆቹ ጠመኔ ይሉታል፤ ከራሱ እስከ ጫማው ነጭ ነው። የኮሪደሩ ማዕዘን ልክ መሆኑን ለማየት ሲባጎ ወጥሬ እየለካሁ ነበር። ከአንዱ ግድግዳ ሦስት፣ ከሌላው አራት፣ በሁለቱ ጫፍ መሀል አምስት ከመጣ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው፤ ሥራውን ያስለመደኝ ሰውዬ እንዲህ አድርግ አለኝና ሠላሳ ዓመት አደረግኩ፤ ለምን እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም። ጠመኔ ወጣና ሲባጎዬን አየ። «ይህን ማን አሳየህ?» አለኝ። ነገርኩት። ክፍሉን በሙሉ አስወጥቶ በዙሪያዬ አቆማቸውና፣ አሁን ሰሌዳ ላይ ያየነው ይኸው አላቸው። አንዷ ልጅ «ቲቸር፣ ይሄ ለፈተና ይመጣል?» አለችው። «ይሄ ለወለል ይመጣል» አላት። ልጆቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ አስረዳኝ። ኮሪደሩ ረጅምና ጠባብ ስለሆነ የእኔ ልክ በደንብ አይዘረጋለትም ነበር። «አምስትና አሥራ ሁለት ውሰድ፤ አሥራ ሦስት ይመጣልሃል» አለኝ። ለካሁ፤ መጣ። ልጄ፣ እንዴቱን ብቻ የሚያውቅ ሰው አንድ ልክ ነው ያለው፤ ለምኑን ያወቀ ግን ለየቦታው ልክ ያወጣል። ይህን በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ማወቄ አሳፈረኝም፣ ደስም አለኝ።

ሌላ ቀን ባዮሎጂ ክፍል በር ላይ ነበርኩ። መምህሯ ስለ ኩላሊት ታስተምራለች። የሰው ጭብጥ የምታህል ናት፣ ደሙን ቀኑን ሙሉ እየደጋገመች ታጣራለች፣ ስትደክም ቆሻሻው በደሙ ውስጥ ይቀራል፣ ለዚህ ነው እግር የሚያብጠው፣ ለዚህ ነው ምግብ የሚያስጠላው አለች። የእናትሽ እግር። ሐኪሙ ያኔ ይህንኑ ነግሮኝ «ገባህ?» ሲለኝ «ገባኝ» ብዬው ነበር፤ አልገባኝም ነበር። አንቺም በስልክ ስታስረጂኝ «እሺ፣ እሺ» የምልሽ ስላፈርኩ ነው። ያቦካሁት ማጣበቂያ ባልዲው ውስጥ ደርቆ ጣልኩት። ብማር ኖሮ አላድናትም፤ ግን «እግርሽ ለምን አበጠ?» እያልኩ እሷኑ ባልጨቀጨቅኳት ነበር። እንግዲህ እኔ ያስገባሁሽ ትምህርት ከንቱ ነው እያልኩሽ እንዳልሆነ እዪልኝ። ክፉ ትምህርት ውስጥ አላስገባሁሽም። ያንቺን ነው የወሰድኩብሽ።

የታሪኳን መምህርት ደግሞ «ማን ጻፈው» ይሏታል። ተማሪ አፉን በከፈተ ቁጥር የምትለው ይህንኑ ነው። አንድ ቀን የድሮ ወረቀት ቅጂ አድላቸው አንድ ልጅ አነበበና እንዲህ ሆነ አላት። «ማን ጻፈው?» አለች። «መጽሐፉም ላይ አለ እኮ፣ ቲቸር» አላት። «መጽሐፉንስ ማን ጻፈው?» ክፍሉ አጉረመረመ። እሷ ግን አልለቀቀችም፤ ማን ጻፈው፣ ለማን ጻፈው፣ ምን ፈልጎ ጻፈው፣ የተሰረዘውን ማን ሰረዘው፣ እነዚህን ሳትጠይቁ ወረቀት አትመኑ አለቻቸው። እኔ ውጭ መዶሻዬን ይዤ ቀረሁ። የሞተ ሰው ወሬ ያልኩት ትምህርት በሕይወት ያለሁትን እኔን እየመረመረኝ ነበር።

በመጨረሻ መዝገብ ቤቱ ቀረ። ወለሉን ለማንሣት መደርደሪያዎቹ መውጣት ስላለባቸው ከሽማግሌው መዝገብ ያዥ ጋር ካርቶን ስናወጣ ዋልን። ልጄ እዚህ ተምራለች ብዬው ስለነበር፣ ያንቺ ዓመት ካርቶን ሲደርስ ደስ ሊያሰኘኝ ብሎ ፋይልሽን አወጣልኝ። ፎርሙ አለ። ሰማያዊዋ ምልክትሽ፣ ቀዩ መስመር፣ ቀዩ ምልክት። ከሥሩ «የመረጥሽበት ምክንያት» ከሚለው ቀጥሎ በእጅ ጽሑፍሽ እንዲህ ይላል፤ «ሰው ከኖረበት ተነሥቶ ሌላ አገር የሚኖረው ለምን እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። አያቴ ለምን እንደተነሣ የነገረኝ ሰው የለም።» ምክንያትሽን አልሰረዝኩትም ነበር። ያኔ አላነበብኩትማ። ቢሮውም አላነበበውም። ከላይ ተፈጥሮ ሳይንስ፣ ከታች ይህ፣ እርስ በርሱ ሳይተዋወቅ አሥራ አራት ዓመት ካርቶን ውስጥ ተቀምጧል። መዝገብ ያዡ «ጎበዝ ነበረች?» አለኝ። «ጎበዝ ናት» ብዬው ውሃ ልጠጣ ብዬ ወጣሁ።

አሁን የባሰውን ልንገርሽ። የእህትሽም ፎርም መጥቷል፤ ሐሙስ የመጨረሻው ቀን ነው። እኔ ከኮሪደሩ የሰማሁትን ማታ ማታ ራት ላይ ሳወራ፣ የታሪኳን መምህርት ሳሞግስ ነው የከረምኩት። «አባዬ፣ እኔን ወደ ታሪክ እየጎተትከኝ ነው እንዴ? ያ ኮሪደር ሌላ ሰው አድርጎ ላከህ እኮ» ብላ ትስቅብኛለች። የሞላችው ግን ተፈጥሮ ሳይንስ ነው። ምክንያቷም አንድ መስመር ናት፤ «ነገር ሁሉ እንዴት እንደሚሠራ ሳልፈታ አይቼው ማለፍ አልችልም» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ባለፈው ወር ግድግዳ ሰዓታችንን ፈትታ ከገጠመችው ወዲህ በቀን አምስት ደቂቃ ይቀድማል።

ፎርሙን በኪሴ ይዤ ዋልኩ። ካንቺ የወሰድኩትን ለእሷ ብሰጥ የሚካካስ መሰለኝ፤ አንድ ልጅ ለታሪክ ዕዳ አለብኝ ብዬ አሰብኩ። በምሳ ሰዓት ቤተ ሙከራው ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ፎርሙን ዘረጋሁ፣ እስክሪብቶም አወጣሁ። እጄ ያንኑ ሥራ ሊደግም ነበር፤ ልዩነቱ አሁን የተማረ ሰው ምክንያት ይዟል። ያኔ የታሪኳ መምህርት በኮሪደሩ ስታልፍ አየኋትና ወጥቼ አስቆምኳት። ታላቋ ልጄ ትምህርትሽን ትወድ ነበር፣ በእኔ ምክንያት ሳትማረው ቀረች፤ ታናሿን ወደ አንቺ ላመጣ አስቤአለሁ አልኳት።

«ልጅቷ ምን መረጠች?» አለችኝ። ተፈጥሮ ሳይንስ አልኳት።

«እንግዲያው እኔ ጋ ምን ትሠራለች? ትልቋ ያጣችውን ወንበር ልታሞቅልህ ነው?» አለችኝ። ትንሽ አየችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አባባ፣ ተገዶ የሚመጣ ልጅ ቀኑን ነው የሚሸመድድልኝ፤ ጥያቄውን አያመጣልኝም። የሚጠይቅ ካለ የትም ይማር ታሪክ ያውቃል» ብላኝ ሄደች። እስክሪብቶውን ወደ ኪሴ መለስኩት።

ልጄ፣ ይቅር በይኝ ለማለት ብቻ አይደለም የጻፍኩት። ይቅርታው ባንቺ ጊዜና ባንቺ ልክ ይሁን፤ ባይሆንም አልከፋብሽም። የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ «አልመጠንኩም» የሚለውን ቃል ከዛሬ ጀምሮ እንዳትይዢው። መጥነሽ ነበር። ያያቴን ነገር ደግሞ፣ ማለቴ ያንቺን አያት፣ አባቴ ለምን ከአገሩ እንደተነሣ እኔ የማውቀውን ያህል እጽፍልሻለሁ። ጠይቀሽኝ አታውቂም ብዬ ነበር የማስበው፤ ለካ ጠይቀሽ በጽሑፍ አስገብተሻል።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ይህን ሲሰማ አማቴ አበደ እንዳይል፣ ያበደ ሽማግሌ ሳይሆን የዘገየ ሽማግሌ ነው በይልኝ። የልጅ ልጄን ሁለት ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ሲያድግ ምን ትሆናለህ እያልሽ አታስቸግሪው። አማትሽን እግዜር ጤናቸውን ይመልስላቸው በይልኝ። ከዚህ አክስትሽ ሰላም ብላሻለች፤ የላክሽላት መነጽር ልክ ሆኖላታል፤ አሁን የሰውን ጓዳ ሁሉ ታያለች። ታናሽሽ ለብቻዬ እጽፋለሁ ብላለች።

ከተወለድሽበት ቤት፣ ሰኞ፣ ሚያዝያ 20 ቀን

አባትሽ

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 23 ቀን

ደብዳቤውን ሳልዘጋው ሦስት ቀን ጠረጴዛ ላይ ዋለ። ዛሬ ጠዋት ከቤት ከመውጣታችን በፊት ታናሽሽን አስቀምጬ ሁሉን ነገርኳት። ስጨርስ «እህቴ ታውቃለች?» አለችኝ። ደብዳቤውን አሳየኋት። «ዛሬ ፖስታ ቤት ካላስገባኸው እኔ እደውልላታለሁ» አለች። ቀጥላ «የእኔንስ ነክተኸዋል?» አለችኝ። አልነካሁትም፣ እስክሪብቶ ግን አውጥቼ ነበር አልኳት። እጇን ዘረጋችልኝ፤ ፎርሙን ሰጠኋት። ወደ መስኮቱ ወስዳ ፊቱንም ጀርባውንም በብርሃን አየችው። እኔ ቆሜ ጠበቅኩ። ከዚያ አጣጥፋ መለሰችልኝ። «ወላጅ ያስገባ ነው የሚለው፤ አንተው አስገባው» አለችኝ።

አስገባሁት፤ እሷ እንደሞላችው። ከዚያ ወደ መዝገብ ቤት ሄጄ ፋይልሽን እንዲያወጣልኝ ሽማግሌውን ለመንኩት። መዝገብ ያዡ ነገሩን ሲሰማ «የአሥራ አራት ዓመት ወረቀት ማን ያየዋል ብለህ ነው?» አለኝ። እኔ አይቼዋለሁ አልኩት። በፎርሙ ላይ መጻፍ ክልክል ስለሆነ ንጹሕ ወረቀት ሰጠኝ። ቆሜ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «በዚህ ፎርም ላይ ያለው ቀይ መስመርና ቀይ ምልክት የትምህርት ቤቱ እርማት አይደለም። ያደረግኩት እኔ አባቷ ነኝ፤ ልጄ አታውቅም። የመረጠችው ማኅበራዊ ሳይንስ ነበር፤ ምክንያቷም ከሥሩ ተጽፏል።» ቀኑንና ሙሉ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። መዝገብ ያዡ ማኅተም መታበትና ከፎርምሽ ጋር አያይዞ ፋይሉን ወደ ቦታው መለሰው።